ማን ይፈርምልሃል?

አራት ኪሎ ቆሞ ጋዜጣ ተከራይቶ ያላነበበ የአዲስ አበባ ምሩቅ አለ ለማለት ይቸግረኛል። ዛሬ ሰሌዳውም ጋዜጣውም ወደ ቴሌግራም ገብቷል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ንቅንቅ አላለም፦ «የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ»። ሕግ ያጠና አንድ ጓደኛ አለኝ። በተመረቀ በስምንተኛው ወር «ሥራ ለመግባት ልምድ፣ ልምድ ለማግኘት ሥራ» የምትለዋን ነገር እንደ ዳዊት ይደግማት ጀመር። አንድ ቀን ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን «ቆይ ግን ይህን ነገር መጀመሪያ ያመጣው ማነው? እርግማኔን በአድራሻው ልላክለት» አለኝ።

እኔም ነገር መፈለግ የማይሰለቸኝ ሰው ነኝና ጉዳዩን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ፈጣሪው እገሌ ነው ብዬ ስም አላመጣሁለትም። ግን በጽሑፍ የተቀመጠ፣ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አንድ ጥሩ ምሳሌ አገኘሁ፤ የእንግሊዝ ሶሊሲተሮችን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኛ ሁሉም «ጠበቃ» ነው። እንግሊዞች ግን ሙያውን ለሁለት ከፍለውታል። ዊግ አጥልቆ ዳኛ ፊት የሚከራከረው ባሪስተር ይባላል። ደንበኛውን ቢሮው ተቀብሎ የሚያማክረው፣ ውል የሚጽፈው፣ ኑዛዜ የሚያዘጋጀው፣ የቤት ሽያጭ የሚጨርሰው፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ወረቀቱን አሰናድቶ ለባሪስተሩ የሚያቀብለው ደግሞ ሶሊሲተር ነው። ድሮ «አተርኒ» የሚሉትም ነበር፤ በ1870ዎቹ ፍርድ ቤቶቻቸውን እንደገና ሲያደራጁ ስሙ ተጠቃሎ ሶሊሲተር ሆነ። ባሪስተሩ የጨዋ ልጅ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ሶሊሲተሩ ለረጅም ዘመን የሚታየው እንደ አንድ የእጅ ባለሙያ ነበር። ስለዚህ ሥልጠናውም እንደ አንጥረኛና እንደ ልብስ ሰፊ ነው፦ ጌታ ትይዛለህ፣ ታገለግላለህ፣ እያየህ ትለምዳለህ።

በመጀመሪያ ሕጉ ብዙም አይጠይቅም ነበር። በ1402 የወጣ አንድ ሕግ አተርኒ የሚሆን ሰው በዳኞች ይመርመር፣ ጥሩ ጠባይና መልካም ስም ያለው ከሆነ ስሙ መዝገብ ላይ ይስፈር ይላል። በቃ። ችግሩ የመጣው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። በ1455 ፓርላማው ኖርፎክና ሰፎክ በሚባሉ ሁለት አውራጃዎችና በኖሪች ከተማ ስላሉ አተርኒዎች ምርር ብሎ አለቀሰ። ድሮ ስድስት ወይም ስምንት ነበሩ፣ አሁን ሰማንያና ከዚያ በላይ ሆነው በየገበያው እየዞሩ ሰላም የተቀመጠውን ሰው ነገር ያስጀምሩታል ነው ክሱ። መፍትሔውም ቁርጥ ያለ ነበር፦ ለኖርፎክ 6፣ ለሰፎክ 6፣ ለኖሪች 2። የቀረው ወደ ቤቱ! (የኛ አገር ባላገር ስለ ነገረ ፈጅ የሚያወራውን የሰማ ሰው ይህ ክስ አዲስ አይሆንበትም።)

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1729 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ማንም ሰው አተርኒ ወይም ሶሊሲተር ለመሆን ከፈለገ በጽሑፍ ውል ገብቶ ለአምስት ዓመት ከአንድ ባለሙያ ሥር ማገልገል አለበት አለ። አንድ ጌታ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ተለማማጅ አይይዝም። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ዳኛ ይመረምረዋል፣ ይምላል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የዳኛው ምርመራ በአብዛኛው ለስሙ ያህል ነበር። ዋናው ውሉ ነው። ውሉ ላይ የሚፈርም ጌታ ካገኘህ መንገዱን ጀምረሃል፤ ካላገኘህ ግን የፈለግከውን ያህል ሕግ ብትሸመድድ የትም አትደርስም።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ሲታይ ጥሩ ሕግ ነው። ዓላማው ደንበኛውን ከአጭበርባሪ መጠበቅ ነበር፤ በእርግጥም ማንም ተነስቶ «አተርኒ ነኝ» የሚልበትን ዘመን አሳጥሯል። እኔን የገረመኝ ሕጉ ያላለው ነገር ነው። ጌታው ተለማማጁን ስንት እንደሚያስከፍለው አልተናገረም። አዎ፣ ተለማማጁ ነው የሚከፍለው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ አባትየው ለጌታው «ፕሪሚየም» የሚባል የመቀበያ ገንዘብ ይቆጥራል፣ ከዚያም ልጁን አምስት ዓመት ሙሉ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያሳድራል። በዚህ ላይ በ1794 መንግሥት መጣ። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነው፣ ገንዘብ ቸግሮታል፣ ዓይኑን ጣል ሲያደርግ የተለማማጅነት ውል አየ። በለንደን ዌስትሚንስተር ፍርድ ቤቶች ለሚሠራ ሰው ውሉ ላይ የ100 ፓውንድ የቴምብር ቀረጥ ጣለበት። በ1804 ወደ 110፣ በ1815 ወደ 120 አደገ። የሙያው ሰዎች ስለ ቀረጡ ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ግን ለነሱ አንድ ጥቅም ነበረው፦ ድሃውን በሩ ላይ ያስቀርላቸዋል።

ይህ በቁጥር ብቻ ሲነገር አይገባም። ስለዚህ ሁለት ልጆችን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያው ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ ይባላል። በኅዳር 1821፣ 17 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አባቱ ለንደን መሀል ከተማ ወደሚገኝ ትልቅ የሶሊሲተሮች ቢሮ አስገባው። አባትየው ስም ያላቸው ደራሲ ናቸው፤ የመቀበያው ዋጋ 400 ጊኒ ነበር። (ጊኒ ማለት አንድ ፓውንድ ከአንድ ሽልንግ ነው፤ እንግሊዝ የተከበረ ነገር ሲሸጥ በፓውንድ አይቆጥርም ነበር።) ልጁ ቢሮውን አልወደደውም። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ጥሎ ወጣ፣ ልብ ወለድ ጻፈ፣ ፖለቲካ ገባ፣ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። 400ው ጊኒ ቀለጠ፤ ማንም አልሞተም።

ሁለተኛው ቻርልስ ዲክንስ ነው። አባቱ በ1824 በዕዳ ታስሮ ልጁ ገና በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ የቀለም ዕቃ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ነበር። በ1827፣ በ15 ዓመቱ፣ ግሬይስ ኢን በሚባለው የሕግ ሰዎች ግቢ ውስጥ ኤሊስ እና ብላክሞር የተባሉ አተርኒዎች ቢሮ ተቀጠረ። ግን በውል አይደለም፤ በውል ለመግባት ማን ይከፍልለታል? ተላላኪ ጸሐፊ ሆኖ ነው። ወረቀት ያደርሳል፣ ይገለብጣል፣ የቢሮውን ጥቃቅን ወጪ በደብተር ይመዘግባል። ደመወዙ ሲበዛ በሳምንት 15 ሽልንግ ነበር።

እስቲ እናስላው። ለዲዝራኤሊ የተከፈለው 400 ጊኒ 420 ፓውንድ ይሆናል። የዚያን ጊዜው ቴምብር 120። ድምር 540 ፓውንድ። የዲክንስ ደመወዝ በዓመት 39 ፓውንድ ነው። ዲክንስ ያለችውን እያንዳንዷን ሳንቲም ቢያስቀምጥ፣ ምሳ ባይበላ፣ ቤት ባይከራይ፣ የዲዝራኤሊን ወንበር ለመግዛት ወደ 14 ዓመት ይፈጅበት ነበር። ከዚያም በኋላ ያለ ደመወዝ አምስት ዓመት! ልጁ አልሞከረውም። ማታ ማታ አጭር ጽሕፈት ተማረ፣ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ቢሮውን ለቀቀ፣ ጋዜጠኛ ሆነ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ግን ያን ቢሮ አልረሳውም። «ፒክዊክ ፔፐርስ» በተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የአተርኒ ቢሮ ጸሐፊዎችን በደረጃ ይዘረዝራቸዋል። ከላይ ገንዘብ ከፍሎ በውል የገባው፣ የነገው አተርኒ፣ ልብስ በዱቤ የሚያሰፋው ነው። ቀጥሎ ደመወዝተኛው፣ ቀጥሎ ዕድሜው የገፋ ገልባጭ፣ ከሥር ደግሞ ተላላኪ ሕፃናቱ። አንድ ቢሮ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ቀለም። ልዩነቱ የመጀመሪያው ነገ ስሙ በሩ ላይ ይጻፋል፤ ሌሎቹ ሥራውን ከሱ በላይ ቢያውቁትም አይጻፍም። ብዙ ቢሮዎችን በእውነት ቀጥ አድርገው የያዙት እነዚህ ውል የሌላቸው ሽማግሌ ጸሐፊዎች ነበሩ።

በሌላ በኩል ከፍሎ የገባውም ሁልጊዜ ትምህርት ያገኝ ነበር ማለት አይደለም። ደግ ጌታ የገጠመው ደንበኛ ሲመጣ ወንበር ይሰጠዋል፣ ፋይል ያሳየዋል። ያልቀናው አምስት ዓመት ሙሉ ሰነድ ሲገለብጥ ይከርማል፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን ገና አልተፈለሰፈም፣ ማሽኑ እሱ ነው። (ኢንተርንሺፕ ወጥታችሁ ሦስት ወር ሙሉ ስቴፕለር የያዛችሁ እህት ወንድሞቼ፣ የዘር ሐረጋችሁ ይኸው።)

እየቆየ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አፈሩ። በ1825 ሎው ሶሳይቲ የተባለ ማኅበራቸውን መሠረቱ፣ በ1836 የጽሑፍ ፈተና ተጀመረ። ፈተና ማለት በመርህ ደረጃ ለድሃ ልጅ ጥሩ ዜና ነው፤ ወረቀት አባትህ ማነው ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን ፈተናው የውሉን ቦታ አልወሰደም፣ ከላይ ተደረበበት እንጂ። በ1860 የወጣው ሕግ ደግሞ ፈተናውን ሦስት አደረገው፦ ውል ከመግባት በፊት አንድ፣ መሀል ላይ አንድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ። የመጀመሪያው የጠቅላላ ዕውቀት ፈተና ሲሆን ላቲን ነበረበት። የኑዛዜ ወረቀት ለመጻፍ ላቲን ምን ያደርጋል አትበሉ፤ ላቲን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በዚሁ የ1860 ሕግ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የቆጠቆጠችኝ አንዲት አንቀጽ አለች። ተለማማጁ በውሉ ዘመን ከልምምዱ ውጭ ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም ትላለች። ምክንያቷ ልጁ ሙሉ ልቡን ለሙያው እንዲሰጥ ነው። በተግባር ግን ደመወዝ ለሌለው ሰው ማታ ሠርቶ መብላትም ተከለከለ ማለት ነው። በ1874 በዳኛ ፈቃድ እንዲላላ ተደረገ። እውነት ለመናገር ያው የ1860 ሕግ አንድ የጓሮ በርም ከፍቷል፦ አሥር ዓመት በቅን ያገለገለ ጸሐፊ በአምስት ፋንታ ሦስት ዓመት ብቻ በውል ቢሠራ ይበቃዋል። የቴምብሩም ቀረጥ በ1853 ወደ 80 ፓውንድ ወርዶ ነበር። አሥር እና ሦስት፣ አሥራ ሦስት። ከዲክንሱ ሒሳብ ተሻለ።

ገንዘብ ያለውን፣ ላቲን የሚችለውን፣ የሚፈርምለት ያገኘውንስ ማን ያስቆመዋል? ሴት ከሆነ ሕጉ ያስቆመዋል።

በ1912 መጨረሻ አራት ወጣት ሴቶች ለመጀመሪያው ፈተና እንመዝገብ ብለው ለሎው ሶሳይቲ አመለከቱ። አንዷ ግዊነዝ ቤብ ትባላለች፤ ኦክስፎርድ ሕግ ተምራ ከፍተኛውን ደረጃ ያመጣች። ማኅበሩ ሴት ስለሆናችሁ ብትፈተኑም አትመዘገቡም ብሎ መለሳቸው። ቤብ ከሰሰች። ክርክሯ ቀላል ነው፦ የ1843ቱ የሶሊሲተሮች ሕግ የሚያወራው ስለ «ሰው» ነው፤ ራሱ ሕጉም የወንድ ፆታ ቃል ሴትንም ይጨምራል ይላል። በ1913 የመጀመሪያው ዳኛ፣ ቀጥሎም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበሏትም። እስከ ዛሬ አተርኒ የሆነች ሴት ታይታ አታውቅም፣ ስለዚህ ሕጉ «ሰው» ሲል ሴትን ማለቱ አይደለም ተባለ። የሕግ ተማሪ አንባቢዎቼ ይህችን አተረጓጎም ያዙልኝ። ሴት ሆና ስለማታውቅ መሆን አትችልም፤ መሆን ስለማትችል ሆና አታውቅም። ጓደኛዬ ከሚደግማት ዳዊት በምን ትለያለች?

በሩ የተከፈተው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 በፓርላማ ሕግ ነው። በታኅሣሥ 1922 ካሪ ሞሪሰን የመጀመሪያዋ ሴት ሶሊሲተር ሆና ተመዘገበች። ከአራቱ ከሳሾች አንዷ የነበረችው ሞድ ክሮፍትስም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። ግዊነዝ ቤብ ግን አላየችውም። በ1921 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ31 ዓመቷ ሞታለች።

እንግሊዞች የሄዱበት አገር ሁሉ ሕጋቸውንም፣ የሕግ ሰው አሠለጣጠናቸውንም ይዘው ሄደዋል። ደቡብ አፍሪካ አንዷ ናት። እዚያም ተለማማጁ በውል ይገባል፣ ለቢሮው ፕሪሚየም ይከፍላል። በ1909 ጋንዲ (አዎ፣ ራሱ ጋንዲ፤ ያኔ ጆሃንስበርግ አተርኒ ነበር) ጸሐፊው የነበረችውን ሶንያ ሽሌሲንን በውል ሊያስገባ ሞክሮ ሴት ናት ተብሎ ተከልክሏል። ቀጥሎ የምነግራችሁ ሰው ግን ወንድ ነው፤ የሱ ችግር ሌላ ነው።

በ1941 ከገጠር ኮብልሎ ጆሃንስበርግ የገባ አንድ ወጣት አለ። ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። ዋልተር ሲሱሉ የሚባል ሰው ላዛር ሲድለስኪ ከተባለ አይሁዳዊ አተርኒ ዘንድ ወሰደው። በዚያ ከተማ ጥቁር ወጣት በውል የሚቀበል የነጭ ቢሮ ማግኘት መርፌ ከድርቆሽ መፈለግ ነበር። ሲድለስኪ ተቀበለው፤ በመጀመሪያ በጸሐፊነት፣ ዲግሪውን ሲጨርስ በ1943 በተለማማጅነት ውል። ፕሪሚየሙንም ተወለት። በሳምንት ሁለት ፓውንድ ከፈለው። ወጣቱ ኔልሰን ማንዴላ ነው።

ማንዴላ በሕይወት ታሪኩ ይህን ዘመን ሳያጋንን ይተርከዋል። ከዚያ ገንዘብ በወር 13 ሽልንግ ከ4 ፔንስ የቤት ኪራይ ነው። የአውቶቡስ ሲያጣ ከአሌክሳንድራ እስከ ከተማ ስድስት ማይል ይሄዳል፣ ስድስት ማይል ይመለሳል። ሲድለስኪ አሮጌ ሙሉ ልብሱን ሰጥቶታል፤ አምስት ዓመት ያህል ለበሰው፣ በመጨረሻ ከልብሱ ጥገናው በዛ። የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ነጯ ጸሐፊ «እዚህ ቢሮ የዘር ልዩነት የለም» ካለችው በኋላ ለሱና ለሌላው ጥቁር ሠራተኛ አዲስ ስኒ መገዛቱን ነገረችው። ሌላው ሠራተኛ፣ ጋውር ራዴቤ፣ አዲሶቹን ስኒዎች አይቶ እንዳላየ አልፎ አንዱን አሮጌ ስኒ አነሳ። ማንዴላ ሁለቱንም ማስቀየም ፈርቶ «ሻይ አልጠጣም» አለ! አንድ በደግ ሰው ቸርነት የገባ ልጅ ያለበትን ጭንቀት ከዚህች ሻይ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። የፈረመልህን ሰው አታስቀይምም፤ የሚተካው የለማ።

በነሐሴ 1952 ማንዴላና ኦሊቨር ታምቦ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ቻንስለር ሃውስ በሚባል ሕንጻ፣ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ጠዋት ጠዋት ደንበኛው ደረጃውን ሞልቶ ይጠብቃቸው ነበር። በ1954 የትራንስቫል የሕግ ማኅበር በፖለቲካ ምክንያት ከመዝገብ ይሰረዝልን ብሎ ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ ሰው ለፖለቲካ እምነቱ መታገሉ ከሙያው አያስወጣውም ብሎ ክሱን ጣለው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1962፣ ያ አተርኒ እኛው ዘንድ መጣ፤ ኮልፌ ውስጥ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ አስተናጋጅነት ሌላ ሙያ ሊለማመድ። ፕሪሚየም አልተጠየቀም።

ወደ እንግሊዝ እንመለስና ታሪኩን እንቋጨው። ፕሪሚየም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ተለማማጁ ደመወዝ መቀበል ጀመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የድሮው «የውል ጸሐፊ» የሚለው ስም ቀርቶ «ሰልጣኝ ሶሊሲተር» ተባለ፤ ጊዜውም ሁለት ዓመት ነበር። ያም ሆኖ የሚቀበልህ ቢሮ ማግኘት ግድ ነበር፤ በየዓመቱም ትምህርቱን ብዙ ሺህ ፓውንድ ተበድረው ጨርሰው ቢሮ ያላገኙ ወጣቶች ይቀሩ ነበር። በ2014 ደግሞ ለሰልጣኞች ተወስኖ የነበረው ለብቻው ዝቅተኛ ደመወዝ ተነሳ።

ከመስከረም 2021 ጀምሮ ግን አዲስ ሥርዓት አለ። አንድ ወጥ አገር አቀፍ ፈተና፣ ከሱ ጋር የሁለት ዓመት ልምድ። ልምዱን እስከ አራት ቦታ መከፋፈል ይቻላል፤ በነጻ የሕግ አገልግሎት የተሠራም ይቆጠራል። እዚህ ላይ ለእኔ ትልቁ ነገር ትንሽ የምትመስል ናት። የሚፈርመው ሶሊሲተር የሚያረጋግጠው በዋናነት ልምዱ መሠራቱን ነው። ልጁ ለሙያው ይበቃል አይበቃም የሚለው የሱ ጉዳይ አይደለም፣ የፈተናው ነው። ከ1729 ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ የነበረው ብዕር ከባድ ሥልጣኑን አጣ ማለት ነው። ፈተናው ግን ወደ 5 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ያስከፍላል። ከ2016 ጀምሮም ዲግሪ ሳይኖረው ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ደመወዝ እየተከፈለው የሚማር ተለማማጅ አለ፤ በዲክንስ ወንበር ተቀምጦ የዲዝራኤሊን ወረቀት የሚያገኝ። ለዚህ መንገድ የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ግን ከጥር 2026 ወዲህ ለጀማሪዎች ከ21 ዓመት በታች ወይም 21 ለሆኑት፣ በጥቂት ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ተወስኗል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው በጥሞና ሰማኝ። አሁን አንድ ቢሮ ገብቷል፤ ፋይል ያቀብላል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ አልፎ አልፎም አቤቱታ ያረቃል። የመጀመሪያ ዓመቱን ሲሞላ የልምድ ደብዳቤ ጠይቆ «ሰኞ ና» ተብሏል። አራተኛው ሰኞ አልፏል።